ፈንጣጣን ፍለጋ፤ በጎ ፈቃደኞች ከስሜን ገደል እስከ መተማ በር

ከጎንደር ከተማ ተነሥቶ በአዘዞ በኩል ወደ ምዕራብ የሚጓዝ መንገደኛ፣ ጭልጋን አልፎ ደጋውን ሲለቅ ሌላ አገር የገባ ይመስለዋል። ከባሕር ወለል በላይ ከሁለት ሺህ ሜትር ከሚበልጠው ከፍታ ተነሥቶ ወደ 700 ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል። ጤፍና ገብሱ ቀርቶ ሰሊጥ፣ ጥጥና ማሽላ ይተካል። ገንዳ ውኃንና ኮኪትን ካለፈ በኋላ መተማ ዮሐንስ ይደርሳል፤ ከመተማ ማዶ ያለችው ገላባት የሱዳን ናት። በበጋ አቧራ የሆነው የዋልካ መሬት በክረምት ጭቃ ሆኖ ሰውንም መኪናንም ይይዛል፤ ጓንግና ሽንፋም ሲሞሉ አላሳልፍ ይላሉ።

መተማ በታሪክ የምትታወቀው በሁለት ነገር ነው። አንደኛው በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ከመሐዲስቶች ጋር ሲዋጉ የወደቁባት መሬት መሆኗ ነው። ሁለተኛው፣ ከዚያም በፊት ሆነ ከዚያ ወዲህ፣ ገበያና በር መሆኗ ነው። የጎንደር ነጋዴ ቡናውንና ሰሙን ይዞ የሚወርደው፣ ጥጡንና ሸቀጡን ይዞ የሚወጣው በዚሁ በር ነበር። በኋለኛው ዘመን ደግሞ ለሰሊጥና ለጥጥ ሥራ ከደጋ እየወረደ በየዓመቱ ወደ ሑመራና ወደ መተማ የሚጎርፈው የቀን ሠራተኛ በዚሁ አገር ተመላለሰ። በር ግን ዕቃንና ሰውን ብቻ አያሳልፍም፤ ደዌንም ያሳልፋል። ስለዚህ ከሩቅ አገር የመጡ በጎ ፈቃደኞች ከኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ጋር ሆነው ፈንጣጣን ከምድር ለማጥፋት በዚህች አገር ተራራና ቆላ የተመላለሱበት ዘመን ታሪክ ሲጻፍ፣ ከእንዲህ ያለ በር ቢጀመር ተገቢ ይሆናል።

ደዌውና የአገሩ መድኃኒት

ፈንጣጣ ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንግዳ አልነበረም። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በነበረው ክፉ ቀን የከብት እልቂትና ረኀብ ሕዝቡን ሲፈጀው ፈንጣጣም አብሮ ከነበሩት ደዌዎች አንዱ ነበር። ሕዝቡም እጁን አጣምሮ አልተቀመጠም። ቀለል ባለ ፈንጣጣ ከተያዘ ሰው ቁስል መግል ወስዶ የጤነኛውን ክንድ በመብጣት ማስገባት በብዙ የአገሪቱ ክፍሎች የታወቀ ጥበብ ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በትግራይ የኖረው እንግሊዛዊ ናትናኤል ፒርስ ይህን ልማድ በዓይኑ አይቶ ጽፎታል። ቃሉም ራሱ ይመሰክራል። «ከተበ» ማለት በግእዝ ጻፈ ማለት ነው፤ ጽሑፍ ያለበት የአንገት መከላከያ «ክታብ» ይባላል፤ ክንድን በጥቶ መድኃኒት ማስገባትም «ክትባት» ተባለ። ሐኪሙ መርፌ ይዞ ከመምጣቱ በፊት ቃሉ ቤቱን ሠርቶ ይጠብቀው ነበር ማለት ነው።

ይሁን እንጂ የአገሩ ክትባትና ዘመናዊው ክትባት አንድ አይደሉም። ዘመናዊው ከሌላ፣ ሰውን ከማይጎዳ ተዛማጅ ተሐዋሲ የተሠራ ነው። የአገሩ ግን እውነተኛውን ፈንጣጣ ራሱን የሚያስገባ በመሆኑ፣ የተከተበው ሰው ቢድንም እንኳ ለጎረቤቱ ሊያስተላልፍ ይችላል። በዚህም ምክንያት በሽታው ጠፋ በተባለበት ቀበሌ ባህላዊው ከታቢ ሲያልፍ እንደገና ሊነሣ የሚችል ሆነ። ይህ ነገር በኋላ ለፈላጊዎቹ ትልቅ ችግር መሆኑ አልቀረም።

በኢትዮጵያ ይገኝ የነበረው ፈንጣጣ በአብዛኛው ቀለል ያለው ዓይነት ነበር። በእስያ የነበረው ብርቱው ዓይነት ከታመሙት መቶ ሰዎች ሃያውንና ሠላሳውን ሲገድል፣ የኢትዮጵያው የሚገድለው ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ነበር። ይህም በጎም ክፉም ነበረው። በጎነቱ የሞተው ሰው ቁጥር ማነሱ ነው፤ ክፋቱ ግን ሕመምተኛው ከመኝታው ሳይውል ገበያ መውጣቱ፣ መንገድ መሄዱ፣ ከዘመድ ቤት ማደሩ፣ ደዌውንም ይዞ መዞሩ ነው። ባለሥልጣኖችም በሽታውን አስቀድመው እንዲያዩት አላደረጋቸውም። በ1945 ዓ.ም. በደምቢያ፣ በ1950ና 1951 ዓ.ም. ደግሞ በብዙ የአገሪቱ ክፍል ወባ ሕዝብ ፈጅቷል፤ የኋለኛው ወረርሽኝ ብቻ 150 ሺህ ያህል ሰው እንደ ገደለ ይገመታል። ይህን ያየ መንግሥት ገንዘቡንና ሰዉን ሁሉ በወባ ላይ ማዋሉ የሚያስወቅሰው አይደለም።

የበጎ ፈቃደኞቹ መምጣት

የዓለም የጤና ድርጅት ጉባኤ ፈንጣጣን በአሥር ዓመት ውስጥ ከምድር ለማጥፋት የተጠናከረ ሥራ እንዲጀመር የወሰነው በግንቦት 1958 ዓ.ም. ነው። ኢትዮጵያ ሥራውን የጀመረችው ግን በጥር 1963 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከመጨረሻዎቹ ጀማሪዎች አንዷ ነበረች። ያን ጊዜ የአገሪቱ ሕዝብ ወደ 25 ሚሊዮን የሚገመት ሲሆን፣ አብዛኛው ከመኪና መንገድ ርቆ የሚኖር ነበር። ለዚህ ሁሉ ሕዝብ የተመደበው ሠራተኛ በጣም ጥቂት ነበር።

የፕሮግራሙ ኢትዮጵያዊ ኃላፊ አቶ ታምሩ ደበያ ነበሩ። ከዓለም የጤና ድርጅት በኩል ኦስትሪያዊው ዶክተር ኩርት ዋይትሃለርና ብራዚላዊው ዶክተር ሲሮ ደ ኳድሮስ አብረዋቸው ሠርተዋል። የመስኩን ሥራ ከተሸከሙት መካከል ሁለት ወገኖች ይጠቀሳሉ። አንደኛው ወገን ኢትዮጵያውያን ሳኒታሪያኖችና ድሬሰሮች ናቸው። ሳኒታሪያኖቹን ያፈራው በ1947 ዓ.ም. የተቋቋመው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ነው። ሁለተኛው ወገን ከባሕር ማዶ የመጡ ወጣቶች ናቸው።

የአሜሪካ የሰላም ጓድ አባሎች ወደ ኢትዮጵያ መምጣት የጀመሩት በ1954 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሦስት መቶ ገደማ የሚሆኑ ሲሆን፣ አብዛኞቹ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አስተማሩ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ግን ነገሩ ተለወጠ። የኢትዮጵያ ተማሪዎች እንቅስቃሴ የሰላም ጓድን የባዕድ መንግሥት መሣሪያ ነው እያለ ይነቅፈው ጀመር። የፈንጣጣ ፍለጋው የተጀመረው በዚህ የጥርጣሬ ዘመን ነበር። ለዚህ ሥራ የተመደቡት የሰላም ጓድ ወጣቶች ከክፍል ወጥተው ወደ ገጠር ሄዱ። በኋላም የጃፓንና የኦስትሪያ በጎ ፈቃደኞች ተጨመሩባቸው።

እነዚህ ወጣቶች ሐኪሞች አልነበሩም። ብዙዎቹ ከዩኒቨርሲቲ ከወጡ ብዙ ያልቆዩ፣ በሌላ ትምህርት የሠለጠኑ ነበሩ። ይዘው የመጡት ጤነኛ እግር፣ ጥቂት ወራት የተማሩት አማርኛና ችግርን የመቻል ፈቃድ ነበር። ሥራውም ከዚህ ብዙ የበለጠ አይጠይቅም ነበር፤ የሚጠይቀው ግን ይህንኑ ሳያቋርጡ መስጠትን ነበር።

ሥራው እንዴት ይሠራ ነበር?

አስቀድሞ ይታሰብ የነበረው መንገድ ከመቶ ሰማንያውን ሕዝብ መክተብ ነበር። ነገር ግን መንገድ በሌለው አገር፣ በጥቂት ሰው፣ 25 ሚሊዮን ሕዝብ መክተብ ከቶ የሚቻል አልነበረም። ስለዚህ ፍለጋና ከበባ የተባለው ዘዴ ተመረጠ። ፈንጣጣ ከሰው በስተቀር የሚያድርበት እንስሳ የለውም፤ የያዘው ሰው ወይ ይሞታል ወይ ይድናል፤ የዳነው ዳግመኛ አይያዝም። በሽታው ከገባ እስኪወጣ ሁለት ሳምንት ያህል ይወስዳል። እንግዲህ ሕመምተኛው ተፈልጎ ከተገኘና በዙሪያው ያሉት ሰዎች ሁሉ ከተከተቡ፣ ተሐዋሲው የሚሄድበት አጥቶ ይሞታል። ሰንሰለቱን ሙሉውን ማቅለጥ አያስፈልግም፤ ቀለበቶቹን እየፈለጉ መቁረጥ ይበቃል።

የአንድ ቡድን ውሎ ይህን ይመስል ነበር። አንድ ሳኒታሪያንና አንድ በጎ ፈቃደኛ ላንድሮቨር ይዘው ከአውራጃው ከተማ ይነሣሉ፤ መኪናው በማይደርስበት ላይ ያቆሙታል፤ ከዚያ በኋላ በቅሎ ተከራይተው ወይም በእግራቸው ይሄዳሉ። የመጀመሪያው ማረፊያ ገበያ ነው። በገበያ መካከል ቆመው ፈንጣጣ የወጣበትን ሕፃን ሥዕል የያዘ ካርድ ያሳያሉ፤ «እንዲህ ያለ በሽታ በአገራችሁ አለን?» ብለው ይጠይቃሉ። ትምህርት ቤት ካለም ይገባሉ፤ ሕፃናት የጎረቤትን ምስጢር አይደብቁምና ብዙ ጊዜ እውነተኛው ወሬ የሚገኘው ከእነርሱ ነበር። ወሬ ከተገኘ ግማሽ ቀንም ይሁን ሁለት ቀን ተጉዘው ከቤቱ ይደርሳሉ፤ ሕመምተኛውን ያያሉ፤ «ማን ነው ከአንተ በፊት የታመመው? ከየት መጣህ? ማን ጠየቀህ?» ይላሉ። መልሱ የሚቀጥለውን ጉዞ ይወስናል። ቤተ ሰቡንና መንደሩን ይከትባሉ፤ በመዝገብ ይጽፋሉ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላም ተመልሰው መጥተው አዲስ ሕመምተኛ አለመኖሩን ያረጋግጣሉ።

የሥራው ክብደት የነበረው በዚህ በመመለሱ ላይ ነው። አንድ ጊዜ ወጥቶ መክተብ ለማንኛውም ዘማች ይቻላል። በዚያው ገደል፣ በዚያው ዝናብ፣ በዚያው ቁንጫ መካከል እንደገና ሄዶ «ጠፍቷልን?» ብሎ መጠየቅ ግን የሥነ ሥርዓትና የታማኝነት ጉዳይ ነው።

የፍለጋው ውጤት መጀመሪያ አስደንጋጭ ነበር። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970 ኢትዮጵያ ያስመዘገበችው የፈንጣጣ ሕመምተኛ ቁጥር አንድ ሺህ አይሞላም ነበር። ፍለጋው በተጀመረበት በ1971 ግን የተገኘው ከ26 ሺህ በላይ ሆነ። በሽታው በአንድ ዓመት ውስጥ አልበዛም፤ የበዛው የሚያየው ዓይን ነው። በ1972 ወደ 17 ሺህ፣ በ1973 ደግሞ ወደ 5,400 ገደማ ወረደ። የማይለካ ነገር እንደሌለ መቆጠሩ በማንኛውም ሙያ የታወቀ ስሕተት ነው፤ ይህ የፈንጣጣ ቁጥር ለዚህ ጥሩ ምስክር ይሆናል።

ስለ መሣሪያው

የመሐንዲስን ዓይን የሚስበው የመሣሪያው ቀላልነት ነው። ባለ ሁለት ጥርስ መርፌ የሚባለው፣ በአሜሪካዊው ቤንጃሚን ሩቢን በ1950ዎቹ ዓ.ም. የተፈለሰፈ፣ ጫፉ እንደ ሹካ የተሰነጠቀ አጭር የብረት ዘንግ ነው። መድኃኒቱ ውስጥ ሲነከር በሁለቱ ጥርሶች መካከል ለአንድ ሰው የሚበቃ ጠብታ ይይዛል፤ ከዚያ ክንዱ ላይ አሥራ አምስት ጊዜ ፈጠን ፈጠን እያሉ መውጋት ነው። የሚሰበር የለው፣ የሚዘጋ የለው፤ ተቀቅሎ እንደገና ይሠራበታል። ቀድሞ ለሃያ አምስት ሰው ይበቃ የነበረው መድኃኒት በዚህ መርፌ ለመቶ ሰው በቃ። አጠቃቀሙን ማንኛውም አስተዋይ ሰው በጥቂት ጊዜ ውስጥ ይማረዋል።

መድኃኒቱም በበረዶ ደርቆ የተዘጋጀ ዱቄት ነበር። በ37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት እንኳ አንድ ወር ያህል ኃይሉን ሳያጣ ይቆያል። እንደ መተማ ባለ፣ በሚያዝያና በግንቦት ሙቀቱ ከዚህ በሚያልፍበት፣ ማቀዝቀዣም መብራትም በሌለበት ቆላ ይህ ባሕርይ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ለማንም ግልጽ ነው። ብልቃጡ በኪስ፣ መርፌው በትንሽ ዕቃ፣ መዝገቡ በብብት ተይዞ ይኬዳል። በሌላ በኩል ግን በ1960ዎቹ አጋማሽ ለተራራማው አገር የተከራዩት ሄሊኮፕተሮች ሥራውን ማፋጠናቸው ባይካድም፣ ከባድ ወጪና አደጋ አስከትለዋል። ከእነርሱም አንዱ ከነአብራሪው በታጣቂዎች እጅ ወድቆ ቆይቷል። ለአገሩ የተስማማ መሣሪያ የሚባለው የትኛው እንደሆነ ይህ ንጽጽር ያመለክታል።

እንቢታና መግባባት

በደቡብና በምዕራብ ብዙ ቦታ ሕዝቡ ክትባቱን በደስታ ሲቀበል፣ በጎጃም፣ በበጌምድርና በሰሜን ሸዋ ደጋዎች ግን ብርቱ እንቢታ አጋጠመ። ምክንያቱን በድንቁርና ብቻ መተርጎም ፍርድ ማጓደል ነው። ገበሬው ከከተማ ወረቀት ይዞ የሚመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ ያውቃል። የጎጃም ገበሬ በ1960 ዓ.ም. በአዲሱ የእርሻ ግብርና በመሬት ልኬታ ምክንያት ካመፀ ገና ጥቂት ዓመት ነበር። ስም የሚጽፍ፣ ቤት የሚቆጥር፣ ከፈረንጅ ጋር የሚዞር ሰው ሲያይ ቢጠራጠር ምን ያስደንቃል? ከዚህም ሌላ የራሱ ክትባት ነበረው። በአዝመራ ጊዜ ክንዱ እንዲያብጥበት አይፈልግም።

በሩን የከፈተው ብዙ ጊዜ ትዕግሥት ነበር። ባላባቱን ወይም ቄሱን አስቀድሞ ማነጋገር፣ በፊታቸው ራስን መክተብ፣ የቀረበን ጠላ አለመናቅ፣ የሞተ ካለም ለቅሶ መድረስ ከመርፌው እኩል የሥራው መሣሪያ ሆነ። በዚህ ረገድ ኢትዮጵያዊው ሳኒታሪያን ከባዕዱ ጓደኛው ይበልጥ ያውቃል፤ ባዕዱ ደግሞ እንግዳ በመሆኑ የሚሰጠው አክብሮት አለ። ሁለቱ አንዱ ያለ ሌላው ብዙ ርቀው ባልሄዱም ነበር።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት

ሱዳን የመጨረሻውን የፈንጣጣ ሕመምተኛ ያየችው በአውሮፓውያን 1972 ማብቂያ ላይ ነው። ከዚያ ወዲያ ከጎንደር ቆላ በስተ ምዕራብ ያለው አገር ከበሽታው ነጻ፣ በስተ ምሥራቅ ያለው ገና የታመመ ሆነ። ከደጋ ወርዶ ለሰሊጥ አጨዳ የሚሻገር አንድ ሕመምተኛ ብዙ ዓመት የተደከመበትን ሥራ ሊያፈርስ ይችል ነበር። በጥቅምት 1968 ዓ.ም. ደግሞ ባንግላዴሽ የእስያን የመጨረሻ ሕመምተኛ ስታስመዘግብ፣ ፈንጣጣ እንዳለባት የምትታወቅ አገር ኢትዮጵያ ብቻ ሆና ቀረች። የስሜን ተራራና የዓባይ ሸለቆ የዓለም ሁሉ ዓይን ያረፈባቸው ቦታዎች ሆኑ።

ጊዜው ግን ለሥራ የሚመች አልነበረም። በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ፈነዳ። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ታወጀና የአገሪቱ ተማሪዎችና መምህራን በብዙ አሥር ሺህ የሚቆጠሩ ሆነው ወደ ገጠር ወጡ። የገጠር አገልግሎት የባዕድ ወጣት ብቻ ሥራ አለመሆኑን ይህ ዘመቻ፣ ከነጉድለቱና ከነመከራው፣ አሳየ። በዚያው ዘመን በበጌምድር የትጥቅ ውጊያ ተጀመረ። በ1969 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ዴሞክራሲያዊ ኅብረት ጦር ሑመራንና መተማን ያዘ፤ በዚያው ዓመት ማብቂያ ግድም መንግሥት መልሶ ተቆጣጠራቸው። የሰላም ጓድም በ1969 ዓ.ም. ከአገር ወጣ። የፍለጋው ሸክም በአብዛኛው በኢትዮጵያውያኑ ትከሻ ላይ ወደቀ፤ እነርሱም ተሸከሙት።

የኢትዮጵያ የመጨረሻዋ የፈንጣጣ ሕመምተኛ የተገኘችው ነሐሴ 3 ቀን 1968 ዓ.ም. ሲሆን፣ በባሌ ክፍለ ሀገር ዲሞ በምትባል የአርብቶ አደሮች ሰፈር የምትኖር የሦስት ዓመት ሕፃን ነበረች። ከዚያ በሽታው በሶማሊያ ተነሥቶ፣ ጥቅምት 16 ቀን 1970 ዓ.ም. በመርካ ከተማ የአንድ ሆስፒታል ወጥ ቤት ሠራተኛ በተፈጥሮ መንገድ የተያዘ የመጨረሻው የዓለም ሕመምተኛ ሆነ። እርሱም ዳነ። ከዚያ ወዲያ ሁለት ዓመት የማረጋገጫ ፍለጋ ቀጠለ፤ ሕመምተኛ ሲታጣም እንኳ መፈለግ አልቆመም። ሚያዝያ 30 ቀን 1972 ዓ.ም. የዓለም የጤና ጉባኤ ፈንጣጣ ከምድር መጥፋቱን አወጀ። በዚያው ዓመት ኢትዮጵያ ሌሎች የሕፃናት በሽታዎችን በክትባት ለመከላከል የተስፋፋውን የክትባት ፕሮግራም ጀመረች።

ምን ቀረ?

ስለ በጎ ፈቃደኞች አገልግሎት የሚነሣው ጥያቄ ይህ ነው፤ እንግዳው ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ አገር አይቶ፣ ፎቶግራፍ ይዞ ሲሄድ ለባለ አገሩ ምን ይቀራል? ብዙ ጊዜ የሚቀረው አንድ ያልተጠገነ ፓምፕ፣ ሰው የሌለበት አንድ ክፍልና የደበዘዘ የስም ሰሌዳ ነው። የፈንጣጣው ሥራ ከዚህ የተለየበት ምክንያት በሦስት ሊጠቃለል ይችላል። አንደኛ፣ የሥራው ግብ የታወቀና የሚለካ ነበር፤ የሚቆጠረው የተከተበው ሰው ብዛት ሳይሆን የቀረው ሕመምተኛ ቁጥር ነበር። ሁለተኛ፣ እንግዳው የሠራው ከባለ አገሩ ባለሙያ ጎን እንጂ በእርሱ ቦታ አልነበረም፤ ስለዚህ እንግዳው ሲወጣ ሥራው አልቆመም። ሦስተኛ፣ መሣሪያው በአገሩ ሰው እጅ፣ በአገሩ መንገድ፣ በአገሩ ሙቀት የሚሠራ ነበር።

ዛሬ የምዕራብ ጎንደር ዞን የሚባለው ያ ቆላ አሁንም በር ነው። ለሰሊጥ ሥራ የሚወርደው የደጋ ሰው ዛሬም ወባና ካላ አዛር ያገኙታል። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ሲነሣ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ በመተማ ዮሐንስ በኩል ገብቷል። ለእንዲህ ያለው ቀን የሚያስፈልገው መንገድ፣ ንጹሕ ውኃ፣ መጸዳጃና ጤና ጣቢያ ሲሠራ፣ የሠሪው ሙያ ከሐኪሙ ሙያ የሚለይ አይደለም። ሠርቶ መሄድ ብቻ ሳይሆን ተመልሶ መጥቶ «ይሠራልን?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። እነዚያ ሳኒታሪያኖችና እንግዳ ጓደኞቻቸው ከሁለት ሳምንት በኋላ በዚያው ገደል እንደገና የወጡት ለዚህ ጥያቄ መልስ ፍለጋ ነበር። ፈንጣጣ የጠፋውም በመጀመሪያው ጉዞ ብቻ ሳይሆን በሁለተኛው ጉዞ ጭምር ነው።